ረጅም የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ግሱንና ቴንሱን እንዴት ነው የምትለዩት?

የደሴዋ ተፈታኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ከደሴ ነኝ፣ ዘንድሮ የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነኝ። ኪቦርዴ አማርኛ ብቻ ስለሆነ እንግሊዝኛውን በፊደላችን ነው የምጽፈው፣ ጮክ ብላችሁ ካነበባችሁት ይገባችኋል።

የቸገረኝ ግሱን መለየት ነው። ዓረፍተ ነገሩ አጭር ሲሆን ምንም አልልም። «ሺ ድሪንክስ ኮፊ» ካሉኝ ግሱ «ድሪንክስ» ነው፣ ቴንሱ ሲምፕል ፕረዘንት ነው፣ አለቀ። ሲረዝም ግን ግሱ የቱ ጋ ጀምሮ የቱ ጋ እንደሚያበቃ ይጠፋብኛል። የአሥራ ሁለቱን ቴንስ ስም ከነቀመሩ በቃሌ እወጣዋለሁ እኮ! ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሳገኛቸው ግን የማላውቃቸው ይሆኑብኛል።

እነዚህን እዩልኝ፦

«ማይ ብራዘር ሃዝ ቢን ዎርኪንግ ኢን ኮምቦልቻ ሲንስ ላስት ይር።»

«ዘ ዉማን ሴሊንግ ፔፐር ኢን ዘ ማርኬት ኖውስ ማይ መዘር።»

«ሃዝ ዩር ፋዘር ኦልሬዲ ሌፍት ፎር ወልድያ?»

«ዘ ባስ ቱ አዲስ አበባ ሊቭስ አት ሲክስ ቱሞሮው ሞርኒንግ።»

የመጀመሪያው ላይ ግሱ «ዎርኪንግ» ብቻ ነው ወይስ ሦስቱም ቃላት? ሁለተኛው ላይ «ሴሊንግ» አለ፣ «ኖውስ» አለ፣ ስለዚህ ፕረዘንት ኮንቲኒየስ ነው ወይስ ሲምፕል? አራተኛው ደግሞ ነገ እያለ «ዊል» የለውም። የምታውቁ በዝርዝር ብታስረዱኝ ደስ ይለኛል፣ መልሱን ብቻ ሳይሆን እንዴት እንደተገኘ ነው የምፈልገው።

ቦርከና

እህቴ እኔ የጊዜ ቃላቱን ይዤ ነው የምሠራው። «የስተርደይ» ወይም «አጎ» ካለ ፓስት፣ «ናው» ካለ ኮንቲኒየስ፣ «ሲንስ» ካለ ፐርፌክት፣ «ቱሞሮው» ካለ ፊውቸር። ፈተና ላይ ሰዓት የለም፣ ቶሎ አይተሽ ቶሎ ማጥቆር ነው። እኔም በዚህ ነው አልፌ አሁን ኮምቦልቻ ካምፓስ ያለሁት። የመጀመሪያው ጥያቄሽ ላይ «ሲንስ» ስላለ ፐርፌክት ነው በቃ።

መምህር ከወልድያ

አብሽሪ ልጄ። ጥያቄሽ በጣም ጥሩ ነው፣ ቀመሩን ሸምድዶ ግሱ የት እንዳለ ሳያውቅ ፈተና የሚገባ ተማሪ ብዙ ነው፣ ዓመት ዓመት የማየው ነገር ነው።

ቦርከና የጻፈው በከፊል ይሠራል፣ ግን በእሱ ብቻ አትሂጂ። አራተኛው ዓረፍተ ነገርሽ ላይ «ቱሞሮው» አለ፣ በዚያ መንገድ ከሄድሽ ፊውቸር ብለሽ ታጠቁሪያለሽ። ግሱ ግን «ሊቭስ» ነው፣ ቅርጹ ሲምፕል ፕረዘንት ነው። እንግሊዝኛ ፕሮግራም ለወጣለት ነገር፣ ለአውቶቡስ፣ ለአውሮፕላን፣ ለፈተና ቀን፣ ነገም ቢሆን ፕረዘንቱን ይጠቀማል። (በነገራችን ላይ እዚያ ላይ ያለው «ሲክስ» በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነው፣ የንባብ ጥያቄ ውስጥ ስታገኚ ልብ በይ።)

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በአማርኛ «እየጠበቀች ነበር» ስንል ጊዜውን የሚነግረን መጨረሻ ላይ ያለው «ነበር» ነው። እሱን አንስተሽ «ነው» ብትይበት ነገሩ አሁን ይሆናል፣ «እየጠበቀች» ግን አልተነካችም። እንግሊዝኛው ይህንኑ ሥራ ፊት ላይ ነው የሚሠራው። «ሺ ዎዝ ዌይቲንግ»፣ «ሺ ኢዝ ዌይቲንግ»። የተለወጠው የፊተኛው ነው። እኛ ጊዜውን መጨረሻ ላይ መፈለግ ስለለመድን ዓይናችን ቶሎ የሚያርፈው «ዌይቲንግ» ላይ ነው፣ ችግሩም የሚጀምረው እዚያው ነው።

ስለዚህ ይህን አንድ ነገር ያዢ፦ የእንግሊዝኛ ግስ ስንት ቃል ቢሆን ጊዜውን የያዘው የመጀመሪያው ቃል ብቻ ነው። የተቀሩት የሚናገሩት ሌላ ነገር ነው፣ ድርጊቱ ተጠናቋል ወይስ እየተካሄደ ነው፣ ባለቤቱ አድራጊ ነው ወይስ የተደረገበት።

የፊተኛውን ቃል እንዴት ታገኛለሽ? ዓረፍተ ነገሩን ወደ አዎ ወይም አይደለም የሚያስመልስ ጥያቄ ቀይሪው። ከባለቤቱ ፊት ዘሎ የሚወጣው ቃል እሱ ነው። «ማይ ብራዘር ሃዝ ቢን ዎርኪንግ» ወደ ጥያቄ ሲቀየር «ሃዝ ማይ ብራዘር ቢን ዎርኪንግ?» ይሆናል። «ሃዝ» ወጣ፣ ስለዚህ ጊዜው ፕረዘንት ነው። ከዚያ ወደ ቀኝ ትሄጃለሽ። «ሃዝ» ካለ ቀጥሎ ያለው ግስ ቪ3 መሆን አለበት (ቪ የግሱ ቅርጽ ነው፣ «ጎ» ቪ1፣ «ዌንት» ቪ2፣ «ጎን» ቪ3)፣ «ቢን» ቪ3 ነው፣ ይህ ፐርፌክቱን ይሰጥሻል። «ቢን» የ«ቢ» ዘር ነው፣ ከእሱ ቀጥሎ «ኢንግ» ያለው ግስ ከመጣ ኮንቲኒየስ ነው። ስለዚህ ፕረዘንት ፐርፌክት ኮንቲኒየስ። ግሱ ሦስቱም ቃላት ናቸው፣ ዋናው ግስ የመጨረሻው ነው፣ ሁለቱ ረዳቶች ናቸው። ስሙን ከቃላቱ ላይ እያነበብሽ ነው የምታወጪው፣ መሸምደድ አያስፈልግሽም።

ሁለተኛውን እንየው። የሚዘል ረዳት ግስ ከሌለ «ዱ»፣ «ደዝ» ወይም «ዲድ» ይመጣና ጊዜውን ከግሱ ላይ ወስዶ ይይዛል። «ደዝ ዘ ዉማን ሴሊንግ ፔፐር ኢን ዘ ማርኬት ኖው ማይ መዘር?» አየሽ፣ «ኖውስ» መጨረሻው ላይ ያለውን «ስ» ለ«ደዝ» ሰጥቶ «ኖው» ሆነ። «ሴሊንግ» ግን ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ስለዚህ ግሱ «ኖውስ» ነው፣ ሲምፕል ፕረዘንት። «ሴሊንግ ፔፐር ኢን ዘ ማርኬት» የትኛዋ ሴት እንደሆነች የሚገልጽ ነው፣ በርበሬ የምትሸጠዋ ማለት ነው። «ኢንግ» ያለበት ቃል ፊቱ ላይ ከ«ቢ» ዘር አንዱ፣ ማለትም «ኢዝ»፣ «አር»፣ «አም»፣ «ዎዝ»፣ «ዌር»፣ «ቢ» ወይም «ቢን» ከሌለ ኮንቲኒየስ አይደለም። ይህን እንደ ሕግ ያዢው። «ቱ» የሚቀድመው ግስም እንዲሁ ነው፣ «ሺ ዎንትስ ቱ ስተዲ» ላይ ጊዜ ያለው «ዎንትስ» ነው፣ «ቱ ስተዲ» የለውም።

ሦስተኛው መጀመሪያውኑ ጥያቄ ሆኖ የመጣ ነው። ግሱ «ሃዝ ሌፍት» ነው፣ ባለቤቱ «ዩር ፋዘር» መሃል ገብቶ ለያያቸው። «ኦልሬዲ» ተውሳከ ግስ ነው፣ እዚያ መሃል ይቀመጥ እንጂ የግሱ አካል አይደለም። «ኖት»፣ «ኔቨር»፣ «ኦልዌይስ»፣ «ጀስት» ሁሉ እንደዚሁ ከመጀመሪያው ረዳት ግስ በኋላ ይገባሉ። አስምሩ ሲባል ዝለያቸው።

የረዳቶቹ አሰላለፍም አይለወጥም። ሞዳል ካለ ይቀድማል፣ ቀጥሎ «ሃቭ»፣ ቀጥሎ «ቢ»፣ መጨረሻ ዋናው ግስ። ሞዳሎቹ ዘጠኝ ናቸው፦ «ካን፣ ኩድ፣ ሜይ፣ ማይት፣ ሻል፣ ሹድ፣ ዊል፣ ዉድ፣ መስት»። ከሞዳል ቀጥሎ ያለው ሁሌም ቪ1 ነው። ከ«ሃቭ» ቀጥሎ ሁሌም ቪ3 ነው። ከ«ቢ» ቀጥሎ ግን ሁለት ዕድል አለ፣ «ኢንግ» ከሆነ እየተካሄደ ያለ ድርጊት ነው፣ ቪ3 ከሆነ ተደራጊ ነው፣ ፓሲቭ የምንለው። «ዘ ሮድ ኢዝ ቢይንግ ሪፔርድ» ላይ ሁለቱም አሉ፣ መንገዱ አሁን እየተጠገነ ነው።

ሠርተሽ ላኪልኝ፣ አያለሁ።

ሮሃ

መምህር እግዜር ይስጥልን። እኔ ላሊበላ ነው የምሠራው፣ አስጎብኚ ነኝ፣ ሥራዬ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ከመናገር በኩል ልጨምር።

እንግዳ ፊት ቆመሽ ስትናገሪ በጣም የሚለይሽ ሲምፕል ፓስትና ፕረዘንት ፐርፌክት ነው። ሁለት ዓረፍተ ነገር ልስጥሽ። «ላሊበላ ዎዝ ሊስትድ ባይ ዩኔስኮ ኢን 1978።» «ላሊበላ ሃዝ ቢን ኤ ወርልድ ሄሪቴጅ ሳይት ሲንስ 1978።» ሁለቱም ስለ አንድ ጉዳይ ነው የሚያወሩት፣ ዓመቱም አንድ ነው። የመጀመሪያው ያ መመዝገብ የሚባለው ድርጊት በዚያ ዓመት ተፈጽሞ አበቃ ነው የሚለው፣ ስለዚህ «ዎዝ»። ሁለተኛው ከዚያ ጀምሮ እስከዛሬ ነው፣ ዛሬም ቅርስ ነው፣ ስለዚህ «ሃዝ»። መምህር እንዳሉት የፊተኛውን ቃል ብቻ አይተሽ ይገባሻል፣ «ዎዝ» ያለፈ፣ «ሃዝ» ከአሁን ጋር የተያያዘ።

ደግሞ ልብ በይ፣ ሁለተኛው ላይ ከ«ቢን» በኋላ ግስ የለም፣ ስም ነው ያለው። ስለዚህ «ቢን» ራሱ ዋና ግስ ነው። «ሃቭ»ም እንደዚሁ ነው። «ዊ ሃቭ ኢለቨን ቸርችስ» ስል «ሃቭ» ዋና ግስ ነው፣ አሥራ አንድ አብያተ ክርስቲያናት አሉን ማለቴ ነው። «ዊ ሃቭ ሲን ኢለቨን ቸርችስ» ስል ግን «ሲን» መጥቷል፣ «ሃቭ» ረዳት ሆነ። ቀጥሎ ምን እንዳለ ሳታዪ አትፍረጂ።

ፓሲቩን ደግሞ እዚህ ያለ ሰው ሳይወድ በግድ ይለምደዋል። «ቤተ ጊዮርጊስ ዎዝ ካርቭድ ፍሮም ዘ ቶፕ ዳውን።» ከላይ ወደ ታች ተፈለፈለ። ቤተ ክርስቲያኑ ራሱን አልፈለፈለም፣ ስለዚህ «ዎዝ» ያስፈልጋል። «ቤተ ጊዮርጊስ ካርቭድ» ብለሽ ካቆምሽ እንግዳው የሚጠብቀው ቤተ ክርስቲያኑ ምን እንደፈለፈለ ነው።

አዳዲስ ልጆች ሥራ ሲጀምሩ በብዛት የምሰማው ደግሞ «አይ አም ዎርኪንግ ሂር ሲንስ መስከረም» የሚለው ነው። ከአማርኛችን የመጣ ነው፣ እኛ «ከመስከረም ጀምሮ እየሠራሁ ነው» እንላለንና። እንግሊዝኛው «አይ ሃቭ ቢን ዎርኪንግ» ይፈልጋል። «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርደይ» የሚባለውም አያስኬድም፣ ያበቃ ቀን ከተጠራ ሲምፕል ፓስት ነው፣ «አይ ሶው ሂም የስተርደይ»።

ቦርከና

መምህር በጥያቄ መፈተኑ አሪፍ ነው፣ እኔም ጓደኞቼን በዚህ አስጠናበታለሁ። ሁለት ነገር ግን ልጠይቅ። ካምፓስ ላይ የእንግሊዝኛ ዲፓርትመንት ልጆች እንግሊዝኛ ፊውቸር ቴንስ የለውም ሲሉ ሰምቻለሁ፣ ይህ እንዴት ነው? ደግሞ ቨርብ ፍሬዝ ማለት ተሳቢውንም ይጨምራል ይላሉ፣ «ድሪንክስ ኮፊ» ሙሉው ማለት ነው። ተማሪዋ የትኛውን ትያዝ?

መምህር ከወልድያ

ሁለቱም የሚነሱ ነገሮች ናቸው ወንድሜ።

ስለ ፊውቸር፦ የሥነ ልሳን ሰዎች ቴንስ የሚሉት በግሱ ቅርጽ ላይ የሚታየውን ነው። «ድሪንክ» እና «ድራንክ» በቅርጽ ይለያያሉ፣ ለመጪው ጊዜ የተለየ የግስ ቅርጽ ግን የለም፣ «ዊል» የሚባለውን ሞዳል ፊቱ ማስቀመጥ ነው። በዚህ ከሄድን እንግሊዝኛ ሁለት ቴንስ ብቻ ነው ያለው። እኛም ብንሆን «ይሄዳል» ስንል ሁልጊዜ ይሁን ነገ የምናውቀው ከዙሪያው ነው። የትምህርት ቤት መጽሐፍ ግን አሥራ ሁለት ይላል፣ ፈተናው የሚወጣው ከመጽሐፉ ነው። ለፈተናው አሥራ ሁለቱን ትያዝ፣ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ሌላውን ትማረዋለች።

ስለ ቨርብ ፍሬዝም ያው ነው። አንዳንድ መጻሕፍት ረዳትና ዋና ግስ ብቻ ይላሉ፣ አንዳንዶቹ ተሳቢውንና ማሟያውን ያካትታሉ። ልጄ፣ ትእዛዙን ከነምሳሌው አንብቢ። ምሳሌው ላይ የተሰመረው ግሱ ብቻ ከሆነ ግሱን ብቻ አስምሪ። ፈተና ላይ ከትእዛዙ ጋር አይከራከሩም።

የደሴዋ ተፈታኝ

መምህር፣ ሮሃ፣ ቦርከና፣ ሁላችሁንም አላህ ይስጥልኝ፣ አንድ ሳይቀር ደብተሬ ላይ ገልብጫለሁ። የጥያቄው ዘዴ በጣም ገብቶኛል፣ ትናንት ማታ ከጎረቤታችን ልጅ ጋር የመጽሐፉን ምንባብ ይዘን እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ወደ ጥያቄ ስንቀይር አመሸን።

አሁን ደግሞ ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ሲያሳጥሩት ግራ ይገባኛል። «ሺስ» ሲባል «ሺ ኢዝ» ነው «ሺ ሃዝ»? «ዴይድ» የሚሉትስ «ዴይ ሃድ» ነው «ዴይ ዉድ»? ሁለተኛ፣ «ኢፍ አይ ሃድ መኒ፣ አይ ዉድ ባይ ኤ ላፕቶፕ» የሚለው ላይ «ሃድ» ፓስት ነው፣ ግን ስለ ትናንት አይደለም የሚያወራው።

ሮሃ

የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ። ቀጥሎ ያለውን እዪ። «ሺስ ዌይቲንግ» ከሆነ «ኢንግ» ስላለ «ኢዝ» ነው። «ሺስ ቢን» ከሆነ «ቢን» ቪ3 ነው፣ «ሃዝ» ነው። «ዴይድ» ቀጥሎ ቪ1 ካለ «ዉድ»፣ ቪ3 ካለ «ሃድ»። «ዴይድ ጎ» ወይም «ዴይድ ጎን»። ሰው ሲናገር እነዚህ ድምፆች ስለሚዋጡ እኔም በጆሮዬ የምጠብቀው ቀጥሎ የሚመጣውን ግስ ነው። «ሺስ ፊኒሽድ» ዓይነቱ ግን በሁለቱም ሊነበብ ይችላል፣ እሱን ከዙሪያው ነው የምትለዪው።

መምህር ከወልድያ

ሁለተኛው ላይ ያየሽው ልክ ነው። ቅርጹ ፓስት ነው፣ ጊዜው አሁን ነው። እንግሊዝኛ የሌለን ነገር እንዳለ አድርጎ ሲያስብ ግሱን ወደ ፓስት ይመልሰዋል። በአማርኛም «ገንዘብ ቢኖረኝ ላፕቶፕ እገዛ ነበር» ስንል «ነበር» አለች፣ ስለ ትናንት ግን አይደለም የምናወራው፣ ስለዚህ ለአንቺ እንግዳ ነገር አይደለም። ፈተናው ቅርጹን ከጠየቀ ሲምፕል ፓስት በይ፣ ትርጉሙን ከጠየቀ በአሁኑ ጊዜ እውነት ያልሆነ ሁኔታ ነው በይ።

አሁን ሦስት ልስጥሽ። ግሱን አውጪ፣ ቴንሱን ወይም ዓይነቱን ንገሪኝ።

«ዘ ስቱደንትስ ዌር ኖት ሊስኒንግ።»

«ዘ ሌተር ማይት ሃቭ ቢን ሎስት ኦን ዘ ዌይ ቱ ሃይቅ።»

«ዘ ትሪቲ ሳይንድ አት ውጫሌ ኢን 1889 ሃድ ቱ ቨርዥንስ።»

የደሴዋ ተፈታኝ

አንደኛው፦ «ዌር ዘ ስቱደንትስ ኖት ሊስኒንግ?» «ዌር» ወጣ። ግሱ «ዌር ሊስኒንግ»፣ «ኖት» አይቆጠርም። ፓስት ኮንቲኒየስ።

ሁለተኛው፦ «ማይት» ወጣ፣ ሞዳል ነው። «ሃቭ» ከሞዳል ቀጥሎ ስለሆነ ቪ1፣ «ቢን» ከ«ሃቭ» ቀጥሎ ቪ3፣ «ሎስት» ከ«ቢን» ቀጥሎ ቪ3 ስለሆነ ፓሲቭ። ግሱ አራት ቃል ነው። ሞዳል፣ ፐርፌክት፣ ፓሲቭ።

ሦስተኛው፦ «ሳይንድ» ሲምፕል ፓስት። «ሃድ»ም ሲምፕል ፓስት። ሁለት ግስ አለው ማለት ነው?

መምህር ከወልድያ

ሁለቱ ሙሉ ማርክ ናቸው። አራት ቃል ያለውን እንደዚያ ደረጃ በደረጃ ከፈታሽ የሚያስፈራሽ ግስ አይኖርም።

ሦስተኛውንም ወደ ጥያቄ ቀይሪው። «ዲድ ዘ ትሪቲ ሳይንድ አት ውጫሌ ኢን 1889 ሃቭ ቱ ቨርዥንስ?» «ዲድ» ጊዜውን የወሰደው ከ«ሃድ» ላይ ነው፣ «ሃቭ» ሆነ። «ሳይንድ» እንዳለች ናት። ስለዚህ ግሱ አንድ ነው፣ «ሃድ»፣ ያውም ዋና ግስ፣ ምክንያቱም ቀጥሎ ያለው «ቱ ቨርዥንስ» የአማርኛውንና የጣሊያንኛውን ቅጂ የሚጠቅስ ስም ነው። «ሳይንድ» እዚህ ቪ3 ናት፣ የትኛው ውል እንደሆነ ነው የምትገልጸው፣ ውጫሌ ላይ የተፈረመው ማለት ነው። በርበሬ ከምትሸጠዋ ሴት ጋር አንድ ዓይነት አሠራር ነው፣ ያኛዋ በ«ኢንግ» ነበረች፣ ይቺ በቪ3 ናት።

ይህ የሚያስቸግረው መጨረሻቸው «ኢዲ» የሆኑ ግሶች ቪ2 እና ቪ3 አንድ ዓይነት ስለሆኑ ነው። ሁለት ማጣሪያ ተጠቀሚ። ጥያቄው አንዱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ባለቤቱ ያንን ድርጊት ራሱ ሊያደርገው ይችላል ወይ ብለሽ መጠየቅ ነው። ውል አይፈርምም፣ ይፈረማል እንጂ። ስለዚህ ፊቱ ላይ «ዎዝ» ከሌለ ግሱ እሱ ሊሆን አይችልም፣ ወደ ቀኝ ሄደሽ ሌላ ፈልጊ።

ነገ ደግሞ ይህን ሞክሪው፦ «ዘ ቦይ ኮልድ ባይ ዘ ቲቸር ስቱድ አፕ»።